ኰምፒዩተር የሚማርባቸው ሥዕሎችና የድጋሚ ሙከራ ሥርዓት

ሕፃን ልጅ ኳስን ከሣጥን ለይቶ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ማየት ይበቃዋል። ኰምፒዩተር ግን ይህንኑ ለመማር ብዙ ሺህ ሥዕል ይፈልጋል፤ በየሥዕሉም ላይ የነገሩ ስም በትክክል ሊመለከትለት ይገባል። ይህ በሰው እጅ ሲሠራ እጅግ አድካሚ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው ሲቲስኬፕስ የተባለው የከተማ መንገዶች ስብስብ በጥንቃቄ ምልክት የተደረገባቸው 5,000 ፎቶግራፎች አሉት፤ አንዱን ብቻ ለመፈጸም በአማካይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቷል።

ስለዚህ ሊቃውንት ሥዕሉን ኰምፒዩተሩ ራሱ እንዲሠራው አደረጉ። ዕቃዎቹን ያስቀመጠ እርሱ ነውና የእያንዳንዱን ስምና ቦታ አስቀድሞ ያውቃል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የፌስቡክ ተመራማሪዎች ያወጡት ክሌቨር የተባለው ስብስብ፥ ብሌንደር በሚባል ፕሮግራም የተሠሩ 100,000 ሥዕሎችን ይዟል። በየሥዕሉም ከ3 እስከ 10 የሚደርሱ ዕቃዎች ይታያሉ።

ነገር ግን ዕቃ በዕጣ ሲቀመጥ ከሌላው ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ የክሌቨር ፕሮግራም ሌላ ቦታ ይሞክራል፤ ለአንድ ዕቃ እስከ 50 ጊዜ ሞክሮ ባይሳካለት ሁሉን አንሥቶ እንደ ገና ይጀምራል። ልብ ይበሉ፤ እንደ ገና ሲጀምር የዕቃዎቹን ቁጥር አይቀንስም። ቢቀንስ ኖሮ፥ የሚያስቸግረው የተጨናነቀው ሥዕል ስለ ሆነ፥ ስብስቡ ወደ ቀላሉ ባዘነበለ ነበር። በእንዲህ ያለ ስብስብ የተማረ አውቶሞቢል ነጂ ኰምፒዩተር፥ ሰው በበዛበት መንገድ ላይ ቢሳሳት የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው።

ሥራው ለብዙ ኰምፒዩተሮች ሲከፋፈል ሌላ ችግር ይመጣል፤ በአንዱ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም በሌላው ላይ እንቢ ይላል። መድኃኒቱ የትእዛዙን ጽሑፍ ከሚያስፈልገው ፕሮግራም ሁሉ ጋር በአንድ ኰንቴይነር ውስጥ ማሸግ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዶከር በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2022 ዓ.ም. የቀረበው ኩብሪክ የተባለው የሥዕል መሥሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ድጋሚ ሙከራም ሥርዓት ያስፈልገዋል። መዝገብ ቤት ለገቢ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር እንደሚሰጥ፥ ለእያንዳንዱ ሥዕል ቁጥርና የዕጣው መነሻ አኃዝ ይመዘገብለታል። መብራት በመጥፋቱ የተቋረጠ ሥዕል በዚያው አኃዝ ይደገማል፤ ዕጣው ራሱ የማያስኬድ ከሆነ ግን ያንኑ መድገም ያንኑ ስሕተት መድገም ስለሚሆን አዲስ አኃዝ ይሰጠዋል። የተፈጸመው ሁለተኛ አይሠራም። ለሙከራው ወሰን ይደረግለታል፤ ከወሰኑ ያለፈውም ከነምክንያቱ በመዝገብ ይጻፋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ስብስብ ሲቀርብልዎ የሥዕሉን ብዛት ብቻ አይጠይቁ፤ ስንቱ እንደ ወደቀና ለምን እንደ ወደቀም ይጠይቁ። ያልተሳካው በዝምታ የተጣለበት መዝገብ ሙሉ ቢመስልም ጐዶሎ ነው።