ብርሃን የሚሰጠው ፕላስቲክና የዕድሜው ነገር

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ላይ ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድሙ የላከለትን ስልክ የያዘ ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ኦሌድ የሚባል ስክሪን አላቸው። ከስክሪኑ ጀርባ መብራት የለም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች። ብዙ ካገለገለ በኋላ ግን የሰዓቱና የባትሪው ምልክት ጥላ ስክሪኑ ላይ ቀርቶ ይታያል። የሚያበራው ካርቦናዊ ቁስ አርጅቷል ማለት ነው፤ ቀድሞ የሚደክመውም ሰማያዊው ነው። ስልክ ውስጥ የሚያበሩት ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። እኔ የማስተዋውቃችሁ በችግርም በተስፋም የሚዛመዳቸውን ኮንጁጌትድ ፖሊመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጀሪካን ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ኮንጁጌትድ ፖሊመር ግን በካርቦን ሰንሰለቱ ላይ ነጠላና ድርብ ቦንድ ስለሚፈራረቁ ኤሌክትሮኖች ይንቀሳቀሱበታል። ይህን በ1970ዎቹ ያሳዩት ሂገር፣ ማክዳያርሚድና ሺራካዋ በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። በ1990 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ፒፒቪ የተባለውን ፖሊመር በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል በስሱ አንጥፈው ኤሌክትሪክ ቢሰጡት አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ፈነጠቀ። ከአንዱ ወገን ኤሌክትሮን፣ ከሌላው ፖዘቲቭ ቻርጅ ይገባል፤ ሁለቱ ሰንሰለቱ ላይ ሲገናኙ ጉልበታቸው ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ፖሊመሩ በፈሳሽ ሟሙቶ ሊታተም መቻሉ ደግሞ ውድ የቫክዩም ፋብሪካን ሊያስቀር ይችላል።

የማርጀቱ ችግርም የሚጀምረው ከዚያው ከድርብ ቦንዱ ነው። ብርሃንና ኦክስጅን ሲገናኙበት የፒፒቪ ድርብ ቦንድ ይበጠስና ካርቦኒል የሚባል ቡድን ይፈጠራል። ይህ ቡድን በዙሪያው ያለውን ብርሃን ያጠፋል።

ሰማያዊ የሚያበራው ፖሊፍሎሪን ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። ይህ ፖሊመር ጥቂት ከሠራ በኋላ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ለብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰንሰለቶቹ መጠጋጋት ይመስል ነበር። በኋላ ዋናው ተጠያቂ ፍሎሪኖን የተባለ ጉድለት መሆኑ ታየ። ዘጠነኛው ካርቦን ላይ ሁለት የአልኪል ክንዶች መግባት ሲገባቸው በአንዳንድ ሞኖመር (ሰንሰለቱ የሚሠራበት ቁራጭ) ላይ አንዱ ሳይገባ ይቀርና በቦታው ሃይድሮጅን ይቆያል፤ ኦክስጅን የሚያጠቃው እዚያ ነው። ጉልበት በሰንሰለቱ ላይ ስለሚጓዝ ጥቂት ጉድለት የብዙውን ክፍል ብርሃን ይወስዳል። ስለዚህ ትልቁ መፍትሔ የንጽሕና ሥራ ሆነ፦ ሞኖመሩን በደንብ ማጣራት፣ ፖሊመሩ ሲሠራ የቀረውን የፓላዲየም ካታሊስት ማስወገድ። በእኔ እምነት በዚህ መስክ ከሁሉ በላይ መከበር ያለበት ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ የላቦራቶሪ ልፋት ነው።

ቀሪው መፍትሔ ማሸግ ነው። የሀዲያና የከምባታ እናቶች ቆጮ ሲቀብሩ ጉድጓዱን በእንሰት ቅጠል ለብጠው፣ ሸፍነው ድንጋይ የሚጭኑት አየር እንዳያበላሸው ነው። የፖሊመር መሣሪያም በናይትሮጅን ውስጥ ተሠርቶ፣ እርጥበት ከሚመጥ ቁስ ጋር በመስታወት ይታሸጋል። አለዚያ እንደ ካልሲየም ያለው ኤሌክትሮድ በእርጥበት ይበላና ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ።

አገራችን ለዚህ ኬሚስትሪ እንግዳ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተከተል ዮሐንስ በ1998 ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ኦሌ ኢንጋነስ ጋር ፖሊታዮፊን በተባለ ሌላ ኮንጁጌትድ ፖሊመር ላይ ጥናት አሳትመዋል። ሌላው ኢትዮጵያዊ ኬሚስት ወንድማገኝ ማሞ በ2007 ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የፖሊፍሎሪን ዝርያ የሆነ አዲስ ፖሊመር አቅርበዋል። ዓላማቸው የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነበር፤ ኦክስጅንና ብርሃን ግን እዚያም ያው ፈተና ናቸው።

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ሆሳዕና ብርቱ አልትራቫዮሌት ታገኛለች። በከተማዋ ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህራንና ተማሪዎች፣ አንዱን የፖሊመር ስስ ንጣፍ ገልጣችሁ፣ ሌላውን በመስታወት አሽጋችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡና ቀለማቸው በየሳምንቱ እንዴት እንደሚለወጥ በስፔክትሮሜትር ለኩ። ውጤቱንም አሳትሙት።