ነጭ ጋዝ ስንት ዓይነት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ ጀሪካን ይዞ «ነጭ ጋዝ» ያለ ሰው ላምባ ይቀዳለታል። ያው ሰው አሜሪካ ሄዶ ቃሉን ቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ በመመለስ «ዋይት ጋስ» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ለካምፕ ምድጃ የሚሠራ፣ ለቤንዚን የቀረበ ፈሳሽ። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። የላምባ ተን በክብሪት ለመያያዝ ግን ፈሳሹ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሞቅ ይኖርበታል፤ የካምፑ ፈሳሽ ተን ከዜሮ በታች እንኳ ይያያዛል። ይህን በቤት ማሞቂያ ጋን ውስጥ መጨመር ቤትን ለእሳት መስጠት ነው።

አገር ቤት ላምባ የሚታወቀው በኩራዝ፣ በፋኖስና በምድጃ ነው። በላምባ ቤት ማሞቅ ለብዙው ሰው እንግዳ ነገር ስለሆነ፣ በረዶ አገር የገባ ሰው ከሚያውቀው ስም በላይ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ደረጃ ማንበብ ይጠበቅበታል።

በአሜሪካ ደረጃው ሁለት ነው። «ዋን ኬ» የሚባለው በክብደት ቢበዛ 0.04 ከመቶ ድኝ ይኖረዋል፤ «ቱ ኬ» እስከ 0.30 ከመቶ ይፈቀድለታል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያዎች የጭስ ማውጫ የላቸውም፤ የነደደው ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ድኙ ሲቃጠል ጉሮሮ የሚከረክር፣ አስም ያለበትን የሚያስጨንቅ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ለእነዚህ ማሞቂያዎች የሚፈቀደው ዋን ኬ ብቻ ነው። ቀይ ቀለም የተጨመረበትም ላምባ አለ። ቀለሙ የመንገድ ቀረጥ እንዳልተከፈለበት ማሳያ እንጂ የጥራት ምልክት አይደለም፤ የማሞቂያው ክር ላይ ግን ዝቃጭ ሊተው ስለሚችል የጠራው ይመረጣል። የጀሪካንም ቀለም ትርጉም አለው፦ ሰማያዊ ለላምባ፣ ቀይ ለቤንዚን፣ ቢጫ ለናፍጣ። ማሳቹሴትስ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ጭስ ማውጫ የሌለውን የላምባ ማሞቂያ በመኖሪያ ቤት መከልከልን መርጣለች።

በላምባ ጥራት ላይ ያለው ጥርጣሬ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አብርሃም ጌስነር የተባለ ካናዳዊ ለዚህ ፈሳሽ ከግሪክኛው የሰም መጠሪያ ወስዶ «ኬሮሲን» የሚል ስም አወጣለት። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎች፣ ያኔ ገዢ ያልነበረውን ቤንዚን መሰል ቀላል ፈሳሽ እየቀላቀሉ ይሸጡት ጀመር፤ ፋኖስም በሰው እጅ ላይ ይፈነዳ ጀመር። የኒውዮርኩ ኬሚስት ቻርለስ ቻንድለር ከገበያ የተሰበሰቡ ናሙናዎችን መርምሮ አብዛኞቹን አደገኛ ሆነው አገኛቸው። ጆን ሮክፌለር በ1870 ኩባንያውን «ስታንዳርድ ኦይል» ማለቱም ለዚህ ገበያ የተነገረ ነበር፤ ዘይታችን ዛሬም ነገም አንድ ነው ማለቱ ነው።

ቅልቅሉ የዋጋ ልጅ ነው። ላምባ ከናፍጣ ሲረክስ ናፍጣ ውስጥ መጨመሩ አይቀርም፤ ሞተር ይጎዳል፣ ድሃውም ለምድጃው ያጣል። በኢትዮጵያ የመንግሥት የነዳጅ ዋጋ ማስታወቂያዎች ላይ ነጭ ናፍጣና ኬሮሲን እኩል ዋጋ ሲወጣላቸው የቀላቃዩ ትርፍ አብሮ ይጠፋል። («ነጭ» የሚለው ቃል እዚህም ሦስተኛ ፈሳሽ አግኝቷል!)

ቤትን በላምባ በማሞቅ ከጃፓን የበለጠ የተራቀቀ አገር ማግኘት ያዳግታል። የበረዶው ወራት ሲገባ ላምባ ጫኝ መኪኖች ዜማ እያሰሙ በየሰፈሩ ይዞራሉ፤ ሰውም 18 ሊትር የሚይዘውን የፕላስቲክ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። ጀሪካኑ በቶኪዮ አካባቢ ቀይ፣ በኦሳካ በኩል ሰማያዊ መሆኑ የታወቀ ነው። በቀዝቃዛው ሆካይዶ ደግሞ ከቤቱ ውጭ 490 ሊትር የሚይዝ ጋን ይቆማል፤ ቁጥሩ እንዲህ የተመተረው 500 ሊትር ከደረሰ የእሳት አደጋ ደንብ ስለሚጠብቅ ነው። ለቤት የሚሸጠው ላምባ የድኝ ጣሪያ 0.008 ከመቶ ነው፤ የአሜሪካው ዋን ኬ ከሚፈቅደው አንድ አምስተኛ።

እንዲህም ሆኖ ስህተት አይጠፋም። አንዳንዴ ማደያ ላይ በላምባ ፈንታ ቤንዚን ይቀዳና የከተማው አስተዳደር በድምፅ ማጉያ «ዛሬ የገዛችሁ አትለኩሱ» እያለ ይለፍፋል። ለቤተሰብ የተሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ ከእሳት ርቆ በጣት ጫፍ ጠብታ ነክቶ እፍ ማለት። ቤንዚን ወዲያው ይደርቃል፤ ላምባ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ጠላት ጊዜ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ላምባ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ኮምጣጣ ሽታ ያመጣል፤ በሙቀትና በብርድ መፈራረቅ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ጠብ ይላል። እንዲህ ያለው ሲነድ ክሩ በጥቀርሻ ይደድራል፤ ይባስ ብሎ ወደ ታች አልወርድ ብሎ እሳቱን ማጥፋት ያስቸግራል። የተመረጠውም ላምባ ቢሆን አየር ይበላል፤ ጃፓኖች በየሰዓቱ አንዴ ሁለቴ መስኮት ይከፍታሉ። የአምና ትርፍ ላይ ጥርጣሬ ሲያድርባቸው በነጭ ስኒ ቀድተው ውሃ ከተሞላ ሌላ ስኒ ጎን ያስቀምጡታል፤ ትንሽ እንኳ ቢጫ ካሳየ ጀሪካኑ ወደተገዛበት ማደያ ይመለሳል።