የልጅ ልጃችሁን መልክ በዘይት ቀለም መሳል



ብዙዎቻችን በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ስናድግ ፎቶ አንሺ በአካባቢያችን ስላልነበረ፣ በልጅነታችን ምን እንመስል እንደነበር የሚያሳይ ነገር በእጃችን የለም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልክ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ አላቸው፤ ግድግዳ ላይ ግን አንድም ላይኖር ይችላል። ጡረታ ወጥታችሁ ጊዜ ያገኛችሁ፣ ወይም በማትናስ የሥዕል ሑግ የጀመራችሁ፣ የልጅ ልጃችሁን መልክ በዘይት ቀለም ሥላችሁ ብትሰቅሉ ለትውልድ ይቆያል። ዛሬ አሠራሩን በተራ እንመለከታለን፤ በተለይም ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን የቆዳ ቀለም።

ፎቶው

ልጅ ለረጅም ሰዓት አርፎ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ከፎቶ መሥራት ይቀላል። ልጁን መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፤ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ። ፍላሽ ፊትን ጠፍጣፋ ስለሚያደርግ አጥፉት። ስልኩንም በልጁ ዓይን ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ፎቶውን 15 በ20 ሳንቲ ሜትር አሳትሙና 30 በ40 የሆነ ሸራ ግዙ። በፎቶው ላይ በየ2.5፣ በሸራው ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ቁመትና አግድም መስመር ብታሰምሩ በሁለቱም ላይ 48 አራት ማዕዘኖች ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን አይታችሁ ወደ ሸራው በእርሳስ መገልበጥ ብቻ ነው።

የሕፃን ፊት

የአዋቂ ሰው ዓይን ከራስ አናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት ግማሽ አካባቢ ላይ ይገኛል። የትንሽ ልጅ ዓይን ግን ከግማሽ ዝቅ ይላል፤ ግንባሩ ሰፊ፣ አፍንጫውና አገጩ ትንንሽ ናቸው። ይህ ከተዘነጋ ሕፃኑ በሥዕሉ ላይ ሽማግሌ ይመስላል።

የቆዳ ቀለም

በጋን ልጆች «ጼቫ ጉፍ» የሚሉት ቀለም ወደ ሮዝ ያደላ ነው። በቱቦ «የሰውነት ቀለም» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። በእርሱ የተሳለ ጠይም ልጅ የሰው ልጅ ይመስላል እንጂ የእናንተን አይመስልም። ሁለተኛው ስሕተት ጥቁርና ነጭ ቀለም ደባልቆ ማጥቆር ነው፤ ፊቱ አመድ የነፋበት፣ የታመመ ይመስላል።

ትክክለኛው ቀለም ያለው አፈር ውስጥ ነው። በወለቃ ሸክላ ሲሠራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብረት ያለበት አፈር እሳት ሲነካው ይቀላል። «በርንት ሲዬና» የሚባለው ቀለምም ከጥንት የተሠራው እንዲሁ ነው፤ ቢጫ ቡናማ አፈር ተጠብሶ ቀይ ቡናማ ይሆናል። ለጠይም ልጅ በርንት ሲዬና፣ «የሎው ኦከር» የሚባለውን የአፈር ቢጫና ጥቂት ነጭ ደባልቁ። ጠቆር ላለ ልጅ ነጩን ቀንሳችሁ «በርንት አምበር» የሚባለውን ጥቁር ቡናማ ጨምሩ። ለጥላው በጥቁር ፈንታ በርንት ሲዬናን «ኡልትራማሪን» ከሚባለው ሰማያዊ ጋር ደባልቁ። ግንባርና አፍንጫ ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያበራበትን ቦታ በትንሹ አፍኩት፤ ከንፈርና ጆሮ ላይ ቀይ ጠብ አድርጉ። የደባለቃችሁትን ቀለም ከልጁ ጉንጭ አጠገብ ሳታስነኩ ይዛችሁ አስተያዩት።

ትዕግሥት

የዘይት ቀለም የሚደባለቀው ብዙውን ጊዜ በተልባ ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ውኃ በመትነን አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ስለዚህ አንዱ ሽፋን ሲነኩት እስኪደርቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ሽፋን ስስና ዘይቱ ያነሰ ይሁን፤ ከላይ የሚመጣው ዘይቱ ይብዛ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሥዕሉ በኋላ ይሰነጠቃል። መጨረሻ የሚቀባውን ቫርኒሽ ከ6 እስከ 12 ወር ጠብቁ።

ጥንቃቄ

ይህን እባካችሁ በደንብ ያዙ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ፣ ዘይቱ ሲጠነክር ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊቃጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም በውኃ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዝጉበት። በተለይ ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ይህን ሳታደርጉ ከቤት አትውጡ። የቴርፔንታይን ሽታ ለሳንባ ስለማይስማማ መስኮት ክፈቱ፤ አስም ያለበት ሰው ብሩሹን በዘይት ጠርጎ በሳሙና ቢያጥበው ይበቃል። ቀለሙንና ፈሳሹን ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡ።

የመጀመሪያው ሥዕል ባያምር አትዘኑ፤ የዘይት ቀለም ሲደርቅ በላዩ መልሶ መሥራት ይቻላል። ልጁንም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የራሱን ቀለም አብሮ እንዲደባልቅ አድርጉ። ያን ጊዜ መልኩ ከየትኛው አፈር እንደመጣ ትነግሩታላችሁ።