ደጋው ሲሞቅ ወፎቹ የት ይሂዱ?

ወደ ቆላ ሊወርዱ ሲነሱ «አደራ፣ ያለ አጎበር እንዳትተኛ» የተባሉበት ጊዜ አለ? እኔ ለመስክ ሥራ በወጣሁ ቁጥር እናቴ ይህን ሳትል አትሸኘኝም። ምክሩ የልምድ ነው፤ ወባ ሙቀት ይወዳል፣ ብርድ ይፈራል። በዚሁ ሕግ የሚኖሩና የሚሞቱ ወፎች መኖራቸውን ያወቅሁት ግን በቅርቡ ነው።

አዎ፣ ወፎችም ወባ ይይዛቸዋል። የእነሱ ወባ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚዛመተው ግን እንደ እኛው በትንኝ ነው።

የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሆነችውን ሃዋይን እንመልከት። እ.ኤ.አ. እስከ 1826 ድረስ በዚያ ትንኝ አልነበረም። ትንኟ በመርከብ የውሃ በርሜል እንደገባች ይታመናል። በኋላም ከውጭ በመጡ ወፎች ደም ውስጥ ተደብቆ የወባው ተውሳክ ተከተለ። የአገሩ ወፎች በሽታውን አያውቁትም ነበርና በቆላው እንደ ቅጠል ረገፉ። ደማቅ ቀይ ላባና የታጠፈ መንቁር ያላት ኢኢዊ የተባለችው ወፍ በወባ ከተያዘች የመትረፍ ዕድሏ ከአሥር አንድ ያህል ነው።

የተረፉት ወደ ተራራው ከፍታ ያሉት ናቸው። ለምን? ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል። አየሩ ሲቀዘቅዝ እድገቱ ይጓተታል፤ ተውሳኩ ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች። ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። ስለዚህ ከ1,500 ሜትር በላይ ያለው ደን ለወፎቹ መሸሸጊያ ሆኖ ቆየ።

ችግሩ ዓለም እየሞቀች መሆኗ ነው። ሙቀቱ ሽቅብ ሲወጣ ትንኟና ተውሳኩ ይከተሉታል። ካዋይ የተባለችው ደሴት ከፍተኛ ጫፍ 1,600 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በላይ የሚሸሹበት ደጋ የለም። አኪኪኪ የተባለችው ትንሽ ወፍ በዱር እጅግ የተመናመነችው በዚህ ምክንያት ነው።

ተስፋ ግን አልተቆረጠም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በማዊ ደሴት ልዩ ባክቴሪያ የያዙ ወንድ ትንኞች ከሰማይ ይለቀቃሉ። ወንድ ትንኝ አይናደፍም፤ ከእነሱ ጋር የተገናኘች ሴት የምትጥለው እንቁላል ግን አይፈለፈልም።

«ይህ ከእኔ ቤት ጋር ምን አገናኘው?» ይሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ አካባቢዎች ሞቃት በሆኑ ዓመታት የሰው ወባም ወደ ከፍታ እንደሚወጣ አሳይቷል። የኢትዮጵያው መረጃ ከደብረ ዘይት አካባቢ የተሰበሰበ ነው።

እናም የሚኖሩት ወይና ደጋ ቢሆንም አይዘናጉ። ዝናብ ሲያባራ ከልጆችዎ ጋር ግቢዎን ይዙሩ፤ በአሮጌ ጎማና በቆርቆሮ የተጠራቀመውን ውሃ ይድፉ፣ በርሜሉን ይክደኑ። እኛ አጎበር አለን፤ ወፎቹ የነበራቸው ብርዱ ብቻ ነው።