ጥሬ ቡና በክብደት ቅነሳ ቴሌቪዥን፦ ተስፋውና ማስረጃው

በቦንጋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ጥሬ ቡና ብርቅ ነገር አይደለም። ከጓሮ ወይም ከጫካ ተለቅሞ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ በከረጢት ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም የቡና ሰዓት ሲደርስ ተቀንሶ ይታጠባል፣ በብረት ምጣድ ይቆላል፣ ተወቅጦም በጀበና ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይኸው ያልተቆላ ፍሬ በአሜሪካ ቴሌቪዥን «አረንጓዴ ቡና» የሚል ስም ወጥቶለት ያለ ልፋት ስብ የሚያቀልጥ ተአምር ሆኖ ቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቡና ዋነኛ አነቃቂ የሆነው ካፌይን በክኒን መልክ በአንድ የክብደት ቅነሳ ውድድር ውስጥ ተገኘና ክርክር አስነሣ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን አቅርቦ፣ ቴሌቪዥኑ የሰጠው ተስፋ በሳይንሳዊ ምርመራ ፊት እንዴት እንደተፈተነ ያስረዳል።

ጉዳዩ ለካፋ የሩቅ ወሬ አይደለም። ካፋ የአረቢካ ቡና መገኛ ተብላ የምትታወቅ ምድር ናት፤ የጫካ ቡና የሚበቅልበት ደኗ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ብሔራዊው የቡና ሙዚየምም የሚገኘው በቦንጋ ነው። ቡና በዓለም ገበያ በተወደሰ ቁጥር የአካባቢው ስም አብሮ ይነሣል። በቡና ስም የተሰጠ ተስፋ ሐሰት ሆኖ ሲገኝም ጥርጣሬው በፍሬው ላይ ያርፋል። ስለሆነም ተስፋውን ከማስረጃው መለየት ለአምራቹም ለጠጪውም የሚጠቅም ሥራ ነው።

የሚዛኑ ውድድር

«ዘ ቢገስት ሉዘር» የተሰኘው የአሜሪካ ፕሮግራም መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሰዎች ከቤተሰባቸው ተለይተው በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ በአሠልጣኞች ሥር በቡድን ተከፋፍለው በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ ምግባቸውም እጅግ ይቀነስ ነበር። በየሳምንቱ በሕዝብ ፊት ሚዛን ላይ ይወጡ ነበር፤ ከክብደቱ በመቶኛ አነስተኛውን የቀነሰ ከውድድሩ ሊሰናበት ይችል ነበር። እስከ መጨረሻው የዘለቀው አሸናፊ 250,000 ዶላር ይሸለም ነበር።

የውድድሩ ዳኛ ሚዛን መሆኑ ከመነሻው ችግር ያስከትላል። ሚዛን ስብን ከውኃ ለይቶ አያሳይም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የኃይል ክምችት አለው፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ በድንገት ሲቀነስ በመጀመሪያ የሚያልቀው ይህ ክምችት ነው፤ ውኃውም አብሮት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው አስደናቂ ቅናሽ ከፊሉ ከዚህ የመጣ በመሆኑ፣ ሰውዬው በወጉ መብላትና መጠጣት ሲጀምር ወዲያው ይመለሳል። ተመልካቹ የሚያየው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው። አሠልጣኙም የሚመዘነው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ፣ ለጤና የሚበጀው አካሄድና ለውድድር የሚበጀው አካሄድ በየሳምንቱ ይጋጫሉ።

ግጭቱ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በተላለፈው 15ኛው ዙር ነው። ከታዋቂዎቹ አሠልጣኞች አንዷ የሆነችው ጂሊያን ማይክልስ ያለ ሐኪም ፈቃድ ለቡድኗ አባላት የካፌይን ክኒን መስጠቷ በፕሮግራሙ ላይ ተነገረ። ቅጣቱም ለሌሎቹ ቡድኖች በሚዛኑ ላይ የ4 ፓውንድ ማለትም የ1.8 ኪሎ ግራም ያህል ብልጫ መስጠት ሆነ። አሠልጣኟ በበኩሏ ክኒኑ ያለ ገደብ ቡና ከመጠጣት የተሻለ ነው ስትል ተከራከረች። የሕክምና ሥርዓት መጣስ የጨዋታ ሕግ እንደመጣስ ተቆጥሮ በፓውንድ መከፈሉ የፕሮግራሙን ባሕርይ ያሳያል፤ ክኒኑን የዋጡት ሰዎች ጤና በሒሳቡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ካፌይን በራሱ መርዝ አይደለም። በአንጎል ውስጥ የድካም ስሜት የሚያስተላልፈውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር መቀበያ በመዝጋት ንቃት ይሰጣል፤ ሰውነት የሚያቃጥለውን ኃይልም ለጥቂት ሰዓታት በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም የሚደርስ ካፌይን በአብዛኛው ጉዳት እንደማያስከትል ይገልጻል። ልዩነቱ በአወሳሰዱ ላይ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ እየተባለ፣ በጨዋታ መካከል፣ በሲኒ ቀስ በቀስ የሚጠጣ ቡና የራሱ ልክ አለው። ብዙ ጊዜ 200 ሚሊ ግራም የሚይዝ ክኒን ግን በአንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጣል፤ በረሃብ ላይ ላለ፣ ለሰዓታት ላብ ለሚያፈስና እንቅልፍ ላነሰው ሰው ሲሰጥ ሰውነቱ «በቃኝ» የሚልበትን ምልክት ይሸፍናል። የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ሊከተሉ ይችላሉ። ለዚህም ነው ፈቃዱ የሐኪም እንጂ የአሠልጣኝ ሊሆን የማይገባው።

በዚያው ዙር አሸናፊዋ ከ118 ኪሎ ግራም ወደ 48 ኪሎ ግራም ገደማ ወርዳ በመጨረሻው ምሽት ስትቀርብ፣ ብዙ ተመልካቾች ከማድነቅ ይልቅ ደነገጡ። ክርክሩ አሁንም አልሞተም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ኔትፍሊክስ ስለ ፕሮግራሙ ያቀረበው ባለሦስት ክፍል ዘጋቢ ፊልም የክኒኑን ጉዳይ እንደገና አንሥቶታል።

ከስድስት ዓመት በኋላ

የውድድሩ መብራት ከጠፋ በኋላ በተወዳዳሪዎቹ ሰውነት ላይ ምን እንደደረሰ የመረመረው ኬቪን ሆል የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ በ8ኛው ዙር ከተሳተፉት 16 ሰዎች 14ቱን ከስድስት ዓመት በኋላ አግኝቶ ለክቷል። ተሳታፊዎቹ በ30 ሳምንት በአማካይ 58 ኪሎ ግራም ቀንሰው ነበር፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ግን ከዚህ 41 ኪሎ ግራሙ ተመልሷል።

ከክብደቱ መመለስ ይበልጥ ያነጋገረው ሌላው ግኝት ነው። ሰው ተኝቶም ሆነ ተቀምጦ፣ ልቡ እንዲመታና ሳንባው እንዲተነፍስ ብቻ ሰውነቱ ኃይል ያቃጥላል። ክብደት ሲቀንስ ይህ ወጪ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ ግን ወጪው ለሰውነታቸው ግዝፈት ከሚጠበቀው በታች በቀን በአማካይ ወደ 500 ካሎሪ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ክብደቱ ከተመለሰ በኋላም ዝቅ እንዳለ ቀረ። የጥጋብን ስሜት የሚያስተላልፈው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞንም በውድድሩ መጨረሻ እጅግ አሽቆልቁሎ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞው መጠን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ረሃቡ ሲበረታ ወጪው ካነሰ፣ የክብደቱን መመለስ በተወዳዳሪው ስንፍና ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ውጤቱ ለማንኛውም ሰው እንዳለ አይተላለፍም። ሆኖም ከእነዚሁ ሰዎች ሌላ ጠቃሚ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ተከታይ ጥናት ክብደታቸውን ቀንሰው ማቆየት የቻሉት የአካል እንቅስቃሴያቸውን ከውድድሩ በፊት ከነበረው በአማካይ 160 በመቶ እንደጨመሩ፣ ክብደቱ የተመለሰባቸው ግን የጨመሩት 34 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ለዓመታት የዘለቀው እንቅስቃሴ ካሜራ ፊት ከታየው የጥቂት ወራት ጭንቀት ይልቅ ከዘላቂው ውጤት ጋር አብሮ ተገኝቷል።

አሥራ ስድስት ሰዎችና አንድ ተአምር

የጥሬ ቡናው ታሪክ የተጀመረው በውድድር ሳይሆን በቃለ ምልልስ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር መህመት ኦዝ በራሱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ከጥሬ ቡና የተነጠረ ምርት ክብደት እንደሚቀንስ አስተዋወቀ። የአመክንዮው መነሻ ክሎሮጄኒክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር ነበር። ንጥረ ነገሩ በጥሬው ፍሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ቡናው ሲቆላ ግን አብዛኛው በእሳቱ ይጠፋል። ከዚህ እውነት ተነሥቶ ያልተቆላው ቡና ስብ ያጠፋል ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ግን ማስረጃ ይጠይቃል።

ማስረጃ ተብሎ የቀረበው በዚያው ዓመት መጀመሪያ የታተመ፣ በሕንድ አገር 16 ሰዎችን ብቻ ለ22 ሳምንታት የተከታተለ ጥናት ነበር። ጥናቱ ተሳታፊዎቹ በአማካይ 8 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ ይል ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በኋላ ባቀረበው ክስ እንደገለጸው፣ ዋናው መርማሪ የተሳታፊዎቹን ክብደትና ሌሎች ልኬቶች ደጋግሞ ቀይሯል፤ የሙከራውን ርዝማኔ ለውጧል፤ እውነተኛውን ምርትና ማስመሰያውን ክኒን መቼ ማን እንደወሰደም በትክክል አልመዘገበም። ጥናቱን ያሠራው አፕላይድ ፉድ ሳይንስስ የተባለው ድርጅት ምርቱን የሚሸጠው ራሱ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ጉዳዩን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋ፤ በቀጣዩ ወር ጸሐፊዎቹ ጥናቱን ከኅትመት ሳቡት።

በፕሮግራሙ ላይ የተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ ተብሎ የቀረበው ሊንዚ ደንካን ጉዳይ ደግሞ የጥቅም ግጭትን በጉልህ ያሳያል። እንደ ኮሚሽኑ ክስ ደንካን ስለ ጥሬ ቡና ምርት ያወቀው የፕሮግራሙ አዘጋጆች ከጠየቁት በኋላ ነው፤ ሊቀርብ ከተስማማ በኋላም ምርቱን ለመሸጥ ተሰናዳ። እርሱና ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ 9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ኦዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ ያሸበረቀ ቋንቋ መጠቀሙን አምኗል።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ጥሬ ቡና ምንም ውጤት የለውም ብሎ መደምደምም ከማስረጃው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ቅኝት ሦስት አነስተኛ ሙከራዎችን ሰብስቦ በአማካይ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ልዩነት አግኝቷል፤ ነገር ግን ሙከራዎቹ ሁሉ በአሠራር የደከሙ በመሆናቸው የተሻለ ጥናት እንደሚያስፈልግ አሳስቧል። ጥንቃቄ የተሞላበት አነስተኛ ፍንጭ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ወደ ተአምር ተለወጠ።

ከቦንጋ ሲታይ

ኢትዮጵያ ሁለት ችግሮችን በአንድ ጊዜ የተሸከመች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጫጭን ሲሆኑ፣ 8 በመቶው ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሁለተኛው ድርሻ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ጭማሪው ጎልቶ የሚታየው በከተሞች ነው። ቦንጋም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውና የተቀምጦ ሥራው መብዛቱ አይቀርም። በገጠሩ እንሰት መፋቅ፣ ውኃ መቅዳት፣ ዳገት ወጥቶ ቡና መልቀም የዕለት እንቅስቃሴ ነው፤ ወደ ከተማ የገባ ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይተዋል። ፈጣን መፍትሔ የሚሸጥ ማስታወቂያ የሚያገኘው ይህንኑ ሰው ነው።

ሕጉ ለዚህ ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ነገር ግን ከአሜሪካው ታሪክ እንደሚታየው ሕግ የሚደርሰው ብዙ ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ገዢው ራሱ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፦ ጥናቱ ስንት ሰዎችን ለስንት ጊዜ ተከታተለ? ወጪውን የሸፈነው ማን ነው? ምክር ሰጪው ከሽያጩ ያገኛል ወይ? አሠልጣኙ ክኒን ሲያዝ ሐኪም ያውቃል ወይ? ውጤቱ የተለካው በሳምንት ነው ወይስ በዓመታት?

የቡናውን ሥርዓት በተመለከተም ቀላል ሒሳብ አለ። ስኳር የሌለበት ቡና ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። በሦስት ሲኒ እያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር ግን ወደ 100 ካሎሪ ይጠጋል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ከማንኛውም ክኒን ተስፋ ይልቅ በክብደት ላይ የሚጨበጥ ለውጥ ያመጣል። ስኳሩን መቀነስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚሸጠው ስለሌለም በቴሌቪዥን አይታወጅም።

የካፋ ቡና ሊመካበት የሚገባው ብዙ ነገር አለው፦ በደን ጥላ ሥር የጠበቀው የዘር ሀብት፣ ጣዕሙና ሰዎችን በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚያሰባስበው ሥርዓቱ። በዚህ ላይ ስብ የማቅለጥ ተአምር መጨመር አያስፈልገውም። ማስረጃው እስከዛሬ የሚደግፈው በመጠን የሚጠጣ ቡናን፣ በልክ የሚበላ ምግብንና ለዓመታት የሚዘልቅ እንቅስቃሴን ነው።