«እየተከፈለኝ ነው የምጫወተው!»

ላስ ቬጋስ ለሚኖር ሐበሻ ቁማር ቤት ማለት መሥሪያ ቤት ነው፡፡ ታክሲ የሚነዳው ቱሪስቱን እዚያ ያደርሳል፤ ሆቴል የምትሠራዋ አልጋውን ታነጥፋለች፤ ካርታ የሚያድለውም አንዳንዴ የእኛው ልጅ ነው፡፡ ወገናችን ከመብዛቱ የተነሳ በ2023 እ.ኤ.አ. አንዱ አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ተሰይሟል፡፡ ጣጣው የሚመጣው ሰውየው ሥራውን ጨርሶ በዚያው ቤት ወንበር ስቦ የተቀመጠ ዕለት ነው፡፡

ሰሞኑን ከአንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ይህንኑ ያነሳል፡፡ ባሏ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል፡፡ እሷንና የአራት ዓመት ልጃቸውን ሊወስዳቸው ወረቀቱ ሁሉ አልቋል፤ የቀረው የአውሮፕላን ትኬትና የቤት ኪራይ መያዣ ነው፡፡ «ገንዘቡ አልሞላም» እያለ ስምንት ወር ሆነው፡፡ ወንድሟ አጣርቶ የደረሰበት ነገር ቢኖር ሰውየው ማታ ማታ ፖከር ቤት መገኘቱን ነው፡፡ ስትጠይቀው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቁማር አይደለም፡፡ በሰዓት እየታሰበልኝ፣ ራቴን በነጻ እየበላሁ ነው የምጫወተው፡፡ በወር 100 ሰዓት ከሞላሁ ደግሞ ሽልማት አለው!» እሷም «እውነት እንዲህ ያለ ሥራ አለ?» ትለኛለች፡፡

እህቴ፣ ባልሽ አልዋሸሽም፡፡ እንዲያውም ይሄ ነው የሚያስቸግረው፡፡ ያለሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ፡፡ እዚያው ከተማ ለዓመታት ካርታ ያደለ አንድ ወዳጄን በስልክ አስቸግሬ ሌላውን ግማሽ አስረድቶኛል፡፡

ፖከር እንደ ሌላው የካዚኖ ጨዋታ አይደለም፡፡ ተጫዋቹ ገንዘቡን የሚበላው ወይም የሚበላበት ከአጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር ነው፡፡ ቤቱ አይጫወትም፤ ጠረጴዛና ካርታ አቅርቦ ከተቆለለው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል፡፡ «ሬክ» ይሉታል፡፡ ብዙ ቦታ ከመቶ አሥር ሆኖ ከ4 ወይም ከ5 ዶላር አይበልጥም፡፡ ስለዚህ ለቤቱ ዋናው ነገር ማን አሸነፈ ሳይሆን ስንት ሰው ስንት ሰዓት ተቀመጠ ነው፡፡ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ሰው ሰውን ነው የሚጠራው፡፡ ማባበያው ሁሉ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፡፡

ውድድሩ የጦፈው ደግሞ ከ2003 ወዲህ ነው፡፡ በዚያ ዓመት አንድ የቴነሲ ሂሳብ ሠራተኛ ከ100 ዶላር ባነሰ መግቢያ በኢንተርኔት ማጣሪያ ጀምሮ የዓለሙን ትልቅ ውድድር በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አሸነፈ፡፡ ያልተነሳሳ አልነበረም! ፖከር ቤቶችም እንደ አሸን ፈሉ፤ ግርግሩ ቀዝቀዝ ሲል ብዙዎቹ ተዘጉ፡፡ የቀሩት ያለውን ተጫዋች መሻማት ያዙ፡፡

አሁን ወደ ማባበያዎቹ ልግባ፡፡ ቀላሉ ምግቡ ነው፡፡ ስትቀመጥ ካርድህን ይፈትሹና ሰዓትህ መቆጠር ይጀምራል፤ ለአንድ ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ዶላር ይታሰብልሃል፡፡ ገንዘቡ በእጅህ አይሰጥም፤ ምግብ ትበላበታለህ፡፡ ባልሽ «በሰዓት» ያለሽ ይህችን ነው፡፡

ሁለተኛው «የሰዓቱ ትልቅ እጅ» ነው፡፡ በዚያ ሰዓት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ካርታ የመጣለት ሰው ጥቂት መቶ ዶላር ይሸለማል፡፡ ተንኮሉ ገብቷችኋል? ሰዓቱ ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ማን ተነስቶ ይሄዳል! ሲያልቅ ደግሞ አዲስ ሰዓት ይጀምራል፡፡ ይህን የሚያደርጉትም ቤቱ ጭር በሚልበት ጊዜ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ወይም ውድቅት ላይ ነው፡፡

ሁለት አስ ይዞ ለተሸነፈ ሰው ደግሞ ካሳ የሚከፍሉ አሉ፤ 100 ዶላር ገደማ፡፡ ሁለት አስ በእጅ የሚገባው በአማካይ ከ221 ጨዋታ አንዴ ነው፡፡ በሰዓት 30 ጨዋታ ቢታደል ከሰባት ሰዓት በላይ ተቀምጦ አንዴ መሆኑ ነው፤ ያውም መሸነፍ አለበት፡፡ ወዳጄ እንዳጫወተኝ፣ ካሳውን ፍለጋ ሆን ብለው ሳያስፈራሩ፣ ሰው እየጋበዙ የሚሸነፉ ሞልተዋል፡፡ ለመሸነፍ የሚጸለይበት ጨዋታ መቼም ሌላ የት አለ?

ለእኔ ግን ከሁሉ የረቀቀው «ባድ ቢት ጃክፖት» የሚሉት ነው፡፡ እንደ አራት ተመሳሳይ ካርታ ያለ፣ ይሸነፋል ተብሎ የማይታሰብ እጅ ይዞ በባሰ እጅ የተመታ ሰው የተጠራቀመውን ይበላል፡፡ በተለመደው ክፍፍል ግማሹ ለተሸናፊው፣ ሩብ ለአሸናፊው፣ ቀሪው ለጠረጴዛው ሰው ሁሉ ነው፡፡ በብዙ አሥር ሺህ ጨዋታ አንዴ ቢገጥም ነው፤ እስኪገጥም ድረስ ግን ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በመብራት እየጨመረ ይታያል፡፡ አሥር ሺህ፣ ሃምሳ ሺህ፣ መቶ ሺህ… ዓይን እያየ እንዴት ይተኛል?

ይህ ሁሉ ሽልማት ከማን ኪስ ይወጣል? ከራሳቸው ከተጫዋቾቹ! ከሬኩ ሌላ፣ ከየጨዋታው 1 ወይም 2 ዶላር ለሽልማት ተብሎ ይነሳል፡፡ በኔቫዳ ደንብ ይህ ገንዘብ ለተጫዋቾች መመለስ አለበት፤ ቤቱ ሊውጠው አይችልም፡፡ በዚህ በኩል አላማቸውም፡፡ ግን የሚመለሰው ለሁሉም አይደለም፤ ለዕድለኛው ነው፡፡ ሰጪው ዘጠኝ ሰው፣ ተቀባዩ አንድ ሰው፣ ተመስጋኙ ግን ቤቱ ሆነ ማለት ነው፡፡

እስቲ የባልሽን 100 ሰዓት አብረን እንደምረው፡፡ ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ሰው አለ እንበል፡፡ በሰዓት በ18ቱ ጨዋታ ላይ 4 ዶላር ሬክ፣ 2 ዶላር የሽልማት ቢነሳ 108 ዶላር ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 12 ዶላር ደረሰው፡፡ በ100 ሰዓት 1,200 ዶላር፡፡ ከዚህ ውስጥ 800ው እንደወጣ ቀረ፤ 400ው ሽልማት ሆኖ ለአንዱ ይመለሳል፡፡ የምግቡ ሒሳብ 100፣ ቢበዛ 200 ዶላር ነው፡፡ ሲያሸንፉ ለዲለሩ የሚወረወረውን ጉርሻ አልቆጠርኩም፤ ወዳጄ የሚኖረው በእሱ ነውና እንዳይቀየመኝ፡፡ ሰዓት ለሞሉት የሚዘጋጀው ነጻ ውድድርም ቢሆን ሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከተጠራቀመው የሚወጣ ነው፡፡ እንግዲህ 12 ዶላሩን ሸፍኖ የሚያተርፍ ሰው ከጓደኞቹ እጅግ የተሻለ ተጫዋች መሆን አለበት፡፡ እንዲህ ያሉ አሉ፤ ጥቂት ናቸው፡፡ አንድ ወር 100 ሰዓት መቀመጡ ደግሞ 100 ሰዓት ታክሲ አለመንዳቱ ነው፡፡

እግረ መንገዴን፣ በእርግጥ ደመወዝ ተከፍሏቸው የሚጫወቱ አሉ፡፡ «ፕሮፕ» ይባላሉ፤ ጠረጴዛ እንዳይበተን ቤቱ የሚቀጥራቸው ናቸው፡፡ የሚያስይዙት ግን የራሳቸውን ገንዘብ ነው፡፡ በቤቱ ገንዘብ የሚጫወተው «ሺል» ይባላል፡፡ ባልሽ ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ የደመወዝ ወረቀት ባሳየሽ ነበር፡፡

ታዲያ ምን ታደርጊ? አትጩሂበት፡፡ «ስንት በላህ?» ብለሽም አትጠይቂው፤ ቁማርተኛ የበላበትን ቀን እንጂ የተበላበትን አያስታውስም፡፡ ይልቅ ለሁለት ወር ይዞት የገባውን፣ ይዞት የወጣውንና የተቀመጠበትን ሰዓት በደብተር እንዲጽፍ ለምኚው፡፡ ሲጀመር ለጉዟችሁ የሚሆነው ከደመወዙ ተነስቶ በአንቺ ወይም በወንድምሽ ስም ይቀመጥ፡፡ ደብተሩን እምቢ ካለ ወይም እየጻፈም ማቆም ካቃተው፣ በ1957 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረው የቁማርተኞች መረዳጃ ማኅበር ቬጋስም ስብሰባ አለው፤ ክፍያ የለውም፣ ስምም አይጠይቁም፡፡

ሌላም አለ፡፡ ሰውየው አንድ ወር ሲጠፋ ቤቱ «ናፍቀኸናል» ዓይነት ደብዳቤ ይልክለታል፤ የምግብ ኩፖን፣ የክፍል ቅናሽ ምናምን ታክሎበት፡፡ የኔቫዳ ካዚኖዎች «ከእንግዲህ ማስታወቂያ አትላኩልኝ፣ ብድርም አትስጡኝ፣ ቼክም አትመንዝሩልኝ» ለሚል ደንበኛ ጥያቄውን የሚቀበሉበት አሠራር እንዲኖራቸው ደንቡ ያስገድዳቸዋል፡፡ ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን ራሱ ተጫዋቹ ነው፤ ሚስት ልታቀርብለት አትችልም፡፡