የእንስሳት ነቀርሳና በዘረመል የማከም ዘዴ
ለአስኮ ከብት አርቢዎችና ባለአህዮች

1. መግቢያ
ነቀርሳ (ካንሰር) የሰው በሽታ ብቻ ሳይሆን የቤት እንስሳትም በሽታ ነው። በአስኮ በወተት ላም ወይም በአህያ ጭነት ለሚተዳደር ቤተሰብ አንዲት እንስሳ ስትታመም የዕለት ገቢ ይቋረጣል። ስለዚህ አዲሱን ሕክምናና ዛሬ በእጃችን ያለውን መንገድ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

2. የበሽታው አነሣሥ
እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ የሚራባበትን ልክ የሚወስን፣ ዘረመል ወይም ጂን የሚባል የውርስ መመሪያ አለው። መመሪያው ሲበላሽ ሕዋሱ ያለ ልክ ተራብቶ ዕጢ ይሆናል። የላም ዐይን ነቀርሳ በተለይ የዐይናቸው ዙሪያ ነጭ የሆነውን ላሞች ያጠቃል፤ ኃይለኛ ፀሐይም ያባብሰዋል። በአህያ፣ በፈረስና በበቅሎ ቆዳ ላይ የሚወጣው ሳርኮይድ የተባለ ዕጢ ግን ከብትን ኪንታሮት ከሚያስይዝ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው።

3. በዘረመል ማከም
በዚህ ዘዴ የተመረጠ ዘረመል ወደ እንስሳው ሰውነት ይገባል። ሰውነቱ በዘረመሉ መመሪያ ፕሮቲን ይሠራል፤ ይህም የመከላከያ ኃይሉን በነቀርሳው ላይ ያነሣሣል። ለውሻ የአፍ ሜላኖማ የተሠራ የዚህ ዓይነት ክትባት እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። የሚሰጠውም በሽታውን አስቀድሞ ለመከላከል ሳይሆን የታመመውን ውሻ ዕድሜ ለማራዘም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናትም በግራጫ ፈረሶች ዕጢ ውስጥ ዘረመል ሲወጋ ዕጢው ቀንሷል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በጊዜ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና አይተካም።

4. አርቢው ማድረግ ያለበት
ሀ. በየሳምንቱ የላሞችን የዐይን ቆብ፣ የአህዮችን ጆሮ፣ ደረትና ብብት መመርመር።
ለ. ዕጢን በጋለ ብረት አለመተኮስ፣ በክር አለማሰር፣ በምላጭ አለመቁረጥ። ሳርኮይድ ከተነካካ ብዙ ጊዜ ሰፍቶና ብሶ ይመለሳል።
ሐ. የጭነት ገመድ ዕጢውን እንዳይፍቀው፣ ዝንብም እንዳያርፍበት መጠበቅ።
መ. ሳይዘገይ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማሳየት። ከአቅሙ በላይ ሲሆን በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ሊጠየቅ ይችላል።

5. ማሳሰቢያ
በዐይን ቆብ ላይ ያለ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ዕጢ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ወደ ዐይን ጉድጓድና ወደ አጥንት ከዘለቀ በኋላ ግን ላሟን ማዳን እጅግ ያስቸግራል።